«ወላጅ አምጣ» ያልሆነው ስብሰባ

አሜሪካ ልጅና የልጅ ልጅ ያላችሁ አንባቢያን፣ በስልክ ስትጨዋወቱ «ነገ ለአይ.ኢ.ፒ ስብሰባ ትምህርት ቤት ተጠርተናል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙዎቻችሁም ቀድማችሁ «ደግሞ ምን አጠፋ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አይፈረድባችሁም። በእኛ አገር ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው በአብዛኛው ልጁ ሲደባደብ፣ ሲፎርፍ ወይም ክፍያ ሲዘገይ ነው። «ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ ጎረቤት ለምኖ «አጎቴ ነው» እስከ ማለት ይደርሳል። ወላጁም ቢሆን ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ የሚገባው የይቅርታ ቃሉን አዘጋጅቶ ነው።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሌላ ዓይነት ስብሰባ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ በሜሪላንድ ግዛት ውስጥ፣ ብዙ የሐበሻ ልጆች በሚማሩበት አንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነኝ። ከሥራዎቼ አንዱ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች የትምህርት ዕቅድ የሚወጣበትን ስብሰባ መምራት ነው። በዚህ ወንበር ላይ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ ቤተሰቡ የተናገረበት ስብሰባና ዝም ያለበት ስብሰባ ለልጁ የሚያወጡት ዕቅድ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1975 ድረስ በአሜሪካ የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን ልጅ «አንቀበልም» ብሎ ከበር የሚመልስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብዙ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ይህን ከለከለ። ማንኛውም ልጅ፣ ጉዳቱ ምንም ይሁን ምን፣ ያለ ክፍያና ለእሱ በሚስማማ መንገድ የመማር መብት አገኘ። ሕጉ በ1990 ስሙ ተቀይሮ በምህጻር «አይዲያ» ተባለ፤ በ2004 ደግሞ ተሻሻለ። ዛሬ ከ3 እስከ 21 ዓመት ያሉትን ይሸፍናል። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትም ቤት ድረስ የሚሄድ የቅድመ ድጋፍ አገልግሎት አለ።

ሕጉ ለእያንዳንዱ ልጅ እንዲዘጋጅ የሚያዘው ሰነድ አይ.ኢ.ፒ ይባላል፤ በአማርኛ «የግለሰብ የትምህርት ዕቅድ» ብንለው ያስኬዳል። ልጁ አሁን ምን ላይ እንዳለ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የት ይደርሳል ተብሎ እንደሚጠበቅ፣ ለዚያም ማን፣ በሳምንት ስንት ደቂቃ፣ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚሰጠው በዝርዝር ይጻፍበታል። ለአንዱ የንግግር ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው እርሳስ አያያዝና ልብስ መቆለፍ የሚያለማምድ ቴራፒስት፤ ለሌላው ደግሞ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት። ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይከለሳል። ልጁ አሁንም ድጋፉ ያስፈልገው እንደሆነ ደግሞ ቢያንስ በ3 ዓመት አንድ ጊዜ እንደገና ይታያል።

በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡትም በሕግ የተወሰኑ ናቸው። ወላጅ፣ የመደበኛው ክፍል መምህር፣ የልዩ ትምህርት መምህር፣ የምርመራ ውጤት የሚያብራራ ባለሙያ፣ በትምህርት ቤቱ ስም ቃል መግባት የሚችል ኃላፊ፣ ሲቻል ደግሞ ልጁ ራሱ። የእኔ ቦታ የኃላፊው ነው። ልብ በሉ፤ ወላጁ ውሳኔ ሊነገረው የተጠራ እንግዳ ሳይሆን የቡድኑ ሙሉ አባል ነው። ልጁ አብሯት የሚኖርና በእናት ቦታ ሆና የምታሳድገው አያትም በሕጉ እንደ ወላጅ ትቆጠራለች።

ይሉኝታ ወንበር ሲይዝ

ወረቀቱ ይህን ይላል። በተግባር ግን የእኛ ቤተሰቦች ስብሰባ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። እናትና አባት ከሰዓቱ ቀድመው፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ እንደሚለብሱት ለብሰው ይመጣሉ። ሃያ ምናምን ገጽ ወረቀት ፊታቸው ይቀመጣል። ባለሙያዎቹ በየተራ ቁጥርና ምህጻረ ቃል ያነባሉ። በመጨረሻ «ጥያቄ አላችሁ?» ይባላሉ። «የለንም፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» ይላሉ፤ ፈርመውም ይወጣሉ። ከዓመት በኋላ ስንቀራረብ ግን አንዷ እናት «ያን ዕለት መኪና ውስጥ ገብተን አንድ ሰዓት ሙሉ አለቀስኩ፤ ባለቤቴም ምንድን ነው ያሉት እያለ ይጠይቀኝ ነበር» ትለኛለች።

ይህ ዝምታ ከየት እንደሚመጣ እናንተ ታውቁታላችሁ። መምህር ፊት አፍ መክፈት ነውር ሆኖ ነው ያደግነው። የተማረ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ብልግና ነው። በዚያ ላይ በሰው አገር «እነዚህ ሰዎች ልጃችንን በነፃ እያስተማሩልን» የሚል ይሉኝታ ይጨመራል። ችግሩ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ዝምታ የሚተረጎመው በሌላ መንገድ መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ዝም ማለት አክብሮት ነው፤ ቅሬታም ሊሆን ይችላል። እዚያ ግን «ተስማምተዋል» ተብሎ በማስታወሻ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ ተለይቶ ለሰዓታት ሌላ ክፍል ቢቀመጥ ወይም የሚያስፈልገው ድጋፍ በሳምንት ወደ 15 ደቂቃ ቢወርድ፣ ወረቀቱ የሚለው «ቤተሰቡም ተስማምቷል» ነው።

የእኔ ሐበሻ መሆን ነገሩን የሚያቀልለው ይመስላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንዳንዱ ቤተሰብ እኔን ሲያይ ይበልጥ ዝም ይላል፤ «የኛ ልጅ ናት፣ አትጎዳንም» ብሎ ሁሉን ለእኔ ይተዋል። እኔ ግን ደመወዜን የሚከፍለኝ ትምህርት ቤቱ ነው። ወላጅ ማንንም ያህል ቢያምን የልጁን ጉዳይ አሳልፎ መስጠት የለበትም።

እኔ የምከተለው መንገድ

በመጀመሪያ ስልክ እደውላለሁ። በሜሪላንድ ትምህርት ቤት በስብሰባው ላይ የሚቀርቡትን ሰነዶች ቢያንስ ከ5 የሥራ ቀናት በፊት ለወላጅ መላክ አለበት። ወረቀት ብቻውን ግን ያስፈራል። ስለዚህ እደውልና ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ። «ልጁ ቤት ውስጥ ምን ሲሠራ ደስ ይለዋል?» እና «እናንተን እንቅልፍ የሚነሳችሁ ምንድን ነው?» የሚሉትን። መልሱን በራሳቸው ቃል ጽፌ የስብሰባው የመጀመሪያ ገጽ አደርገዋለሁ። የላክነው ወረቀት ላይም «ረቂቅ» የሚለው ቃል በትልቁ ይጻፋል። ያለቀ የሚመስል ወረቀት ላይ ማንም አስተያየት አይሰጥምና።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ብዙዎቹ ወላጆች ታክሲ ይነዳሉ፣ ሌሊት አረጋውያንን ይንከባከባሉ ወይም መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራሉ። ቀን 8 ሰዓት ላይ ኑ ማለት የቀን ገቢያችሁን ተዉ ማለት ነው። ሕጉም ሰዓቱ ለሁለቱም ወገን የሚመች እንዲሆን ያዛል፤ በስልክ ወይም በቪዲዮ መሳተፍም ይቻላል። እኛ ዘንድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ አባት ከሌሊት ሥራ ሲመለስ፣ የተደረጉ ስብሰባዎች ብዙ ናቸው።

ሦስተኛው አስተርጓሚ ነው። ሕጉ ወላጅ የሚባለውን እንዲረዳ ትምህርት ቤቱ አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ አስተርጓሚ ማቅረብ ከዚህ አንዱ ነው። እኔ አማርኛ እናገራለሁ፤ ቢሆንም ስብሰባውን እየመራሁ ላስተረጉም አልችልም። አንድ ሰው ሁለት ወንበር ላይ አይቀመጥም። የልጁ ታላቅ እህት እንድታስተረጉም ደግሞ ፈጽሞ አልፈቅድም። የ12 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሟ የተጻፈ ከባድ ቃል ለእናቷ እንድታደርስ ማድረግ ጭካኔ ነው። ልጆች ደግሞ እናታቸውን እንዳያሳዝኑ ቃሉን ያለዝቡታል፤ እናትየዋም ያልተባለውን ሰምታ ትሄዳለች።

አራተኛው የንግግር ቅደም ተከተል ነው። በብዙ ቦታ ባለሙያዎች ይጀምራሉ፣ ቤተሰብ ይጨርሳል። እኔ ገልብጬዋለሁ። መጀመሪያ የሚናገረው ቤተሰቡ ነው፤ ቁጥር ከመነበቡ በፊት፣ ፈተና ከመጠቀሱ በፊት። ባለሙያዎቹም ሲናገሩ ልጁ በሚችለው ነገር እንዲጀምሩ እጠይቃለሁ። ምህጻረ ቃል የተጠቀመ ቆም ብሎ ያብራራል። መጀመሪያ ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ «ጊዜ ይፈጃል» ያሉ ነበሩ። ይፈጃል፤ ሩብ ሰዓት ያህል። በዚያ ሩብ ሰዓት የሚገኘውን ግን የሁለት ሰዓት ፈተና ላይሰጥ ይችላል። አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ።

ሲኒ የሚደረድረው ልጅ

ልጁ የ6 ዓመት ሲሆን ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም ነበር። መምህሩ ያሳሰባት ልጁ ትእዛዝ አለመቀበሉ፣ ክፍል ውስጥ መፍዘዙና በቋንቋው ወደ ኋላ መቅረቱ ነበር። «የትኩረት ችግር ይሆናል፤ ምናልባትም የመረዳት አቅሙ ይታይ» የሚል ማመልከቻ ቀረበ። የመጀመሪያው ስብሰባ ምን ዓይነት ምርመራ እንደሚደረግ የምንወስንበት ነበር። እናቱ ከአያቱ ጋር መጣች። አያቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ጥግ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ወደ ጠረጴዛው እንዲቀርቡ ለመንኳቸው።

«እማማ፣ ከእርስዎ እንጀምር። ልጁ ቤት ውስጥ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ የተማራችሁት እናንተ» አሉ።

«ቀኑን ሙሉ አብሮ የሚውለው ከእርስዎ ጋር ነው። እኛ የማናውቀውን ያውቃሉ።»

ትንሽ አሰቡና ጀመሩ። እሁድ ቡና ሲፈላ ሲኒ የሚደረድረው እሱ እንደሆነ፣ የመጣውን ሰው በዓይኑ ቆጥሮ በልኩ እንደሚያወጣ፣ አንድ እንግዳ ሲጨመር ሳይነገረው ሄዶ አንድ ሲኒ እንደሚያመጣ ነገሩን። የሥነ ልቦና ባለሙያው ብዕሩን አንስቶ መጻፍ ያዘ። ስድስት ወይም ሰባት ሰው ቆጥሮ በልኩ የሚያቀርብ፣ አንድ ሲጨመር የሚያስተካክል ልጅ በክፍል ውስጥ «መቁጠር አልቻለም» ተብሎ የተጻፈበት ነበር።

ከዚያ አያቱ እንደ ቀላል ነገር አንድ ቃል ጨመሩ። «ደግሞ ከኋላው ስጠራው ዞር አይልም። ፊቴን ሲያይ ግን ምን እንዳልኩ ይገባዋል። ንቀት መስሎኝ ተቆጥቼዋለሁ እንጂ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። የንግግር ባለሙያዋ «ይህን እንደገና ይንገሩኝ» አለች። ልጁ በዓመቱ መካከል ስለገባ ትምህርት ቤቱ ለአዲስ ገቢዎች የሚያደርገው የጆሮ ምርመራ አምልጦት ነበር። በዚያው ዕለት የመስማት ምርመራ ከሁሉ በፊት እንዲደረግ ተወሰነ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱም ጆሮዎቹ ዝቅ ያለ ድምፅ በደንብ እንደማይሰሙ ታወቀ፤ በመካከለኛው ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ነበር። በሐኪም ታክሞ የመስማቱ ነገር በጣም ተሻሻለ።

በዚህ ሁሉም ነገር ተፈታ ብዬ አላታልላችሁም። ልጁ በደንብ ሳይሰማ ያሳለፈው ጊዜ ንግግሩን ወደ ኋላ አስቀርቶት ስለነበር አይ.ኢ.ፒ ተዘጋጅቶለታል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የንግግር ባለሙያ ታየዋለች፤ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ መምህርቷ ድምፅዋን ወደ እሱ የሚያደርስ ትንሽ ማይክሮፎን ታደርጋለች። ትክክለኛው ምክንያት ባይታወቅ ኖሮ ግን ለሌለበት ችግር ዕቅድ ልናወጣለት፣ ያለበትን ችግር ሳናየው ልናልፍ እንችል ነበር።

እኚሁ አያት በሌላ ስብሰባ ላይ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠይቀዋል። «እንግሊዝኛው እንዲገባው አማርኛ ማውራቴን ልተው?» አሉ። ይህን ብዙ አያቶች ይሰጉበታል፤ ተዉ ብለው የሚመክሩም አይጠፉም። የንግግር ባለሙያዋ መልስ አጭር ነበር፤ ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየትን አያመጣም፣ ያለውንም አያባብስም። ልጅ ሀብታም ቋንቋ የሚሰማው አሳዳጊው በደንብ ከምትችለው ቋንቋ ነው። ስለዚህ ተረታችሁን ቀጥሉ።

ሕጉም የቋንቋን ነገር በዝምታ አላለፈውም። ልጅ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ የአካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር አለበት ሊባል አይችልም። ምርመራውም በተቻለ መጠን ልጁ በሚችለው ቋንቋ መደረግ አለበት፤ በአንድ ፈተና ውጤት ብቻም አይወሰንም።

«ልጄ ስም ይወጣበታል»

በሌላ ወገን ደግሞ ድጋፍ የሚያስፈልገውን ልጅ በፍርሃት የሚይዙ ቤተሰቦች አሉ። አንድ አባት የ4 ዓመት ልጁ እንደማይናገርና ዓይን ለዓይን እንደማያይ ሲነገረው ከወንበሩ ተነሳ። «እህቴ፣ እኔም እስከ 5 ዓመቴ አልተናገርኩም። ልጄን እብድ አታድርጉብኝ» አለኝ።

እንዲህ ያለ ቃል ሲመጣ አልከራከርም። አባት የሚሰማው የባለሙያውን ቃል አይደለም፤ ሰፈር ውስጥ ሲባል የሰማውን ነው። በር ተዘግቶባቸው ያደጉ ልጆችን ያስታውሳል። «የእናቱ ኃጢአት ነው»፣ «ቡዳ በልቶት ነው» ሲባል ሰምቷል። እኔም ወረቀቱን አጥፌ «ዛሬ ምንም አይፈረምም» አልኩት። የመጀመሪያ ምርመራም ሆነ የመጀመሪያ ድጋፍ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይጀመርምና ጊዜ ነበረው። በምትኩ አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ አንድ ጠዋት መጥቶ ልጁ ሊገባበት የሚችለውን ክፍል ቁጭ ብሎ እንዲያይ።

መጣ። ስምንት ልጆችና ሦስት አዋቂዎች ባሉበት ክፍል ጥግ ላይ ተቀመጠ። መናገር የማይችል ልጅ የጭማቂ ሥዕል አንስቶ ለመምህሩ ሲሰጥና ጭማቂው ሲመጣለት አየ። ሲወጣ «የእኔ ልጅ የፈለገውን ስለማናውቅለት ነው የሚጮኸው?» ብሎ ጠየቀኝ። በሁለተኛው ሳምንት ፈረመ።

የሚፈሩትን ቤተሰቦች እንዲህ እላቸዋለሁ። የልጁ መዝገብ ምስጢር ነው፤ እንዲሁ ለማንም አይሰጥም። ፈቃድ የሰጠ ወላጅ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር በጽሑፍ ማንሳት ይችላል። ድጋፉ ያበቃቸው ልጆች ከዕቅዱ ይወጣሉ። የመኖሪያ ወረቀትም አያሰጋም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው ውሳኔ ሕፃናት በመኖሪያ ፈቃድ ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት አይከለከሉም። መልሶ የማይገኘው ጊዜ ነው። በ3 ዓመቱ ድጋፍ ያገኘና በ8 ዓመቱ ያገኘ ልጅ እኩል አይደሉም።

ወደ ስብሰባ ስትሄዱ

ውጭ አገር ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ ውጭ ያሉ፣ ይህን ቆርጣችሁ አስቀምጡት።

አንደኛ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። ልጁን የሚያውቅ ማንኛውንም ሰው ይዛችሁ መሄድ መብታችሁ ነው፤ አያት፣ የክርስትና እናት፣ ሞግዚት፣ ሐኪም።

ሁለተኛ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። «እንግሊዝኛ ትንሽ እችላለሁ» ብላችሁ አትተዉት። የገበያ እንግሊዝኛና የሕክምና እንግሊዝኛ ይለያያሉ።

ሦስተኛ፣ ከልጁ ጋር ያሳለፋችሁትን አንድ ሳምንት በማስታወሻ ጻፉ። ምን ቻለ? ምን አስለቀሰው? መቼ ተረጋጋ? የአንድ ደቂቃ የስልክ ቪዲዮ ደግሞ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

አራተኛ፣ የምትፈርሙት ምን እንደሆነ ጠይቁ። በስብሰባው መገኘታችሁን የሚያሳይ ፊርማና ፈቃድ የምትሰጡበት ፊርማ የተለያዩ ናቸው። ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። የዕቅዱን ቅጂም በነፃ ታገኛላችሁ።

አምስተኛ፣ ካልተስማማችሁ «አልተስማማሁም» በሉ፤ በጽሑፍም አስይዙት። በትምህርት ቤቱ ምርመራ ላይ ቅሬታ ካላችሁ በገለልተኛ ባለሙያ እንዲደገም መጠየቅ ይቻላል። ያለ ክፍያ የሚደረግ የሽምግልና መንገድም አለ። ይህን ማለት ስድብ አይደለም፤ ማንም አይቀየማችሁም።

አገር ቤት ላላችሁ

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ላለው አገር ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የንግግር ቴራፒስትና ማይክሮፎን ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ እውነት ነው። ይሁንና በኢትዮጵያም የተጻፈ ነገር አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጥቷል፤ በ2012ም ተሻሽሏል። አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። ከመንግሥት ቀድመው የተነሱ ወላጆችም አሉ። ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በኦቲዝም የሚኖር ልጃቸውን ይዘው በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ የከፈቱት ልጆች በየቤቱ በሚደበቁበት ጊዜ ነበር።

ደግሞም ከላይ ከተናገርኩት ዋናው ክፍል ገንዘብ አይጠይቅም። የቡናው ሲኒ ወሬ ምንም አላስወጣም። የሚያስፈልገው ጠረጴዛ፣ ግማሽ ሰዓትና የሚያዳምጥ ሰው ነው።

ስለዚህ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ክፍል ከደገመ፣ ከኋላ ወንበር ከተረሳ ወይም «ሰነፍ ነው» ከተባለ፣ «ወላጅ አምጣ» እስኪባል አትጠብቁ። ራሳችሁ ሂዱና የክፍል ኃላፊ መምህሩንና ርዕሰ መምህሩን አንድ ላይ ግማሽ ሰዓት ጠይቁ። አንድ ገጽ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ፤ አራት ነገር ብቻ ጻፉበት። ልጁ የሚችለው፣ የሚያቅተው፣ ቤት ውስጥ የሚረዳው ነገር፣ ከትምህርት ቤቱ የምትጠይቁት አንድ ነገር። ያ አንድ ነገር ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ሁለት ጊዜ እንዲነበብለት መጠየቅም ይቻላል። ከመውጣታችሁ በፊት ማን ምን እንደሚያደርግና መቼ እንደምትገናኙ ተስማምታችሁ ጻፉ። ከዚያ በፊት ግን ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ፤ የአንገት በላይ ሐኪምና የዓይን ሐኪም ያላዩትን ልጅ «አይገባውም» ለማለት አትቸኩሉ።

ርዕሰ መምህራን ይህን የምታነቡ ከሆነም አንድ ነገር ልለምን። ወላጅ ሲመጣ «ልጅህ እንዲህ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። «ልጅህ እንዴት ነው?» በሉትና ብዕር አንሱ። መልሱ ቶሎ ላይመጣ ይችላል፤ አባት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እናት ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ አያት «እኔ ምን አውቄ» ይላሉ። ጠብቁ። ካወቁት ውስጥ እናንተ የሌላችሁ ነገር አለ።